ምላስ በትምባሆ ሲመዘን

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1662 ጀምስታውን ላይ የተቀመጠው የቨርጂኒያ ቅኝ ግዛት ጠቅላላ ጉባኤ ካወጣቸው ሕጎች አንዱ ስለ ጨቅጫቃ ሴቶች ነበር። ሕጉ መግቢያው ላይ ሮሮውን ያስቀድማል፤ ነገረኛ ሴቶች የጎረቤት ስም እያጎደፉ ምስኪን ባሎቻቸውን ለክስ ይዳርጋሉ፣ ባልም ባልተናገረው ነገር ብዙ ካሳ ይከፍላል ይላል። መፍትሔውንም እዚያው ይሰጣል። ሚስት በተናገረችው ባል ሲረታ ሴትዮዋ ውኃ ውስጥ ትደፈቅ፤ የተፈረደው ካሳ ከ500 ፓውንድ ትምባሆ በልጦ ባልየው አልከፍልም ያለ እንደሆነም ለእያንዳንዱ 500 ፓውንድ አንድ ድፈቃ ይታሰብባት። 500 ፓውንድ 227 ኪሎ ግድም ነው። ትምባሆ ያን ጊዜ በቨርጂኒያ ገንዘብ ነበር፤ ግብር የሚከፈለው፣ የቄስ ደመወዝ የሚቆረጠው፣ ዕዳ የሚሰላው በእሱ ነበር። የሕጉ ጽሑፍ እነዚህን ሴቶች የጠራበት ግስ፣ በጥቃቅን ነገር እየጮኹ መነታረክ ማለት የሆነው ‹ብራብል›፣ ዛሬ ያረጀ ተብሎ በመዝገበ ቃላት ጥግ የተቀመጠ ነው። በዚያ ዘመን ግን ሰው ያስደፍቅ ነበር።

ታሪኩን የሚያወሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ይስቁበታል። ወንበር ላይ ታስራ ኩሬ ውስጥ ብቅ ጥልቅ የምትል አሮጊት ሥዕል በፖስት ካርድም ታትሟል። ሌሎች ደግሞ የዘመኑ ወንዶች ሴትን ይጠሉ ነበር ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይዘጉታል። ሁለቱም ዋናውን ጉዳይ ያልፉታል። በእንግሊዝና በቅኝ ግዛቶቿ ጭቅጭቅ ወንጀል ሆኖ የቆየው ጩኸት ስላስቸገረ ብቻ አይደለም፤ ሴትዮዋ የተናገረችው ነገር እውነት ይሁን ሐሰት ሳይመረመር ተናጋሪዋን መቅጣት ስለሚያስችል ነው። የሕጉ ጉልበትም ጉዳቱም ያለው እዚያ ላይ ነው።

ቨርጂኒያን ትንሽ እንቆይባት። በእንግሊዝ ልማዳዊ ሕግ ያገባች ሴት በራሷ ስም ንብረት መያዝም፣ ብቻዋን መክሰስም ሆነ መከሰስ አትችልም ነበር። ያጠፋችውን የሚክሰው ባል ነው። ሕግ አውጪዎቹ የተቸገሩት በዚህ ነው፤ ራሳቸው የቀየሱት ሥርዓት ወንዱን በሚስቱ አንደበት ባለዕዳ አደረገው። ሥርዓቱን ከመንካት ይልቅ የባልን ከረጢት በሚስት ትንፋሽ እንዲዋጅ ፈቀዱ። እዚያው የዲሴምበር 1662 ጉባኤ ላይ ደግሞ ሌላ ሕግ ጸድቋል፤ ከጥቁር ሴት የሚወለድ ልጅ አባቱ ማንም ይሁን ማን ባርነቱም ነጻነቱም የእናቱን ይከተላል የሚል። በእንግሊዝ ሕግ ልጅ የሚከተለው አባቱን ነበርና ይህ ሕግ አሮጌውን ደንብ ገለበጠው። የታሪክ ጸሐፊዎች ከጀርባው ከሚያነሷቸው ጉዳዮች አንዱ የኤልሳቤጥ ኪ ክስ ነው። ኤልሳቤጥ ከአፍሪካዊት ባሪያና ከቶማስ ኪ የተወለደች ናት፤ ቶማስ ኪ ደግሞ የዚያው የቅኝ ግዛት ምክር ቤት አባል የነበረ እንግሊዛዊ ነው። ነጻነቷን ጠይቃ ከሰሰች፣ በ1656ም ረታች።

ለዚያ ክስ ከቀረቡት ምስክሮች አንዷ ዕድሜያቸው 80 ግድም የተባሉ ኤልሳቤጥ ኒውማን ናቸው። ቃላቸው ሲጨመቅ ይህ ነው፤ ልጅቱ የቶማስ ኪ ልጅ መሆኗን አገር ያወራ ነበር፣ ሰውየውም ባሪያውን በማስረገዙ ፍርድ ቤት ቀርቦ ተቀጥቷል። አገር ያወራ ነበር። የአባትነት ማስረጃ ሆኖ የተቆጠረው፣ በኋላም አንዲትን ሴት ከባርነት ያወጣው፣ በአጥርና በወፍጮ ላይ የሚወራው የመንደር ወሬ ነው። ማን ከማን ወለደ፣ ማን በአገልጋዩ ላይ ምን ሠራ፣ ማን ሚዛን አሳነሰ የሚለውን መዝገብ ሳይሆን የሴቶች አፍ ይይዘው ነበር። የጉባኤው አባላት ሁለቱን ሕጎች አንድ ላይ ጎንጉነው አወጧቸው ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ የሚል ሰነድ የለም። ግን ያ ጉባኤ በአንድ በኩል የሴት ወሬ ሊያስመሰክር የሚችለውን አባትነት በሕግ ፊት ዋጋ ቢስ አደረገ፣ በሌላ በኩል የሴት ወሬን በውኃ አስቀጣ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ ያለ ነገር መፍጠር አይሆንም።

የመድፈቂያው ወንበር ግን ከቨርጂኒያ እጅግ ይቀድማል። ዊልያም ድል አድራጊው በ1086 ባስጻፈው ታላቁ የንብረት መዝገብ ውስጥ የእንግሊዟ የቼስተር ከተማ ልማድ ተመዝግቧል፤ መጥፎ ቢራ የጠመቀ ሰው ወይ የእበት ወንበር ላይ ይቀመጣል ወይ 4 ሽልንግ ይከፍላል። ወንበሩ ሲጀምር የምላስ ሳይሆን የገበያ ማጭበርበር መቅጫ ነበር ማለት ነው። ቢራ ጠመቃ እንደ እኛው ጠላ ብዙውን ጊዜ የሴት ሥራ ስለነበር ወንበሩም ቀስ በቀስ የሴት ወንበር ሆነ። መቼ ነው ታዲያ ከጋን ወደ አንደበት የዞረው? የታሪክ ጸሐፊዋ ሳንዲ ባርድስሊ በ2006 ባሳተመችው ጥናት መልሷ ከጥቁሩ ሞት በኋላ የሚል ነው። ወረርሽኙ በ1348 ገብቶ የሕዝቡን ትልቅ ክፍል ጨረሰ፤ የተረፈው ሠራተኛ ደመወዝ ጨምሩልኝ አለ፤ መንግሥት በ1351 የደመወዝ ጣሪያ አወጀ፤ በ1381 ገበሬው ተነሣ። የበታች ሰው አንደበት ሹማምንትን ያስፈራበት ዘመን ነው። በየመንደሩ ችሎት መዝገብ ላይ ‹ተጨቃጫቂ› ተብሎ መከሰስ እየበዛ የመጣውም በዚህ ጊዜ ሲሆን ከተከሳሾቹ እጅግ የሚበዙት ሴቶች ናቸው።

የወንጀሉ አወቃቀር ራሱ መታየት አለበት። ስም ማጥፋት ሲሆን ከሳሽ የተነገረውን ቃል ለይቶ ያቀርባል፣ ተከሳሽ ያልኩት እውነት ነው ብሎ መከራከር ይችላል። በተጨቃጫቂነት ሲሆን ግን ክሱ ቃል አይጠቅስም። እንዲህ አለች፣ በዚህ ቀን፣ እንትናን የሚል ዝርዝር አያስፈልገውም፤ ሴትዮዋ የታወቀች ጨቅጫቃ ናት፣ የጎረቤት ሰላም ትነሳለች ማለት ይበቃል። የተከሰሰችው በሥራዋ ሳይሆን በጠባይዋ ነው። ታላቁ የሕግ ሊቅ ዊልያም ብላክስቶን በ1769 በታተመው አራተኛ ቅጹ ወንጀሉን ከሕዝብ መረበሽ ጋር መድቦ፣ የሕግ ላቲን ስሙን በሴት ጾታ ብቻ እንደሚጠራው ጠቁሞ ያልፋል። እንደዚህ ያለ ክስ የቀረበባት ሴት እውነቴን ነው ብትል ምን ይጠቅማታል? ስለ እውነት የጠየቃት የለም።

ይህን በቅርብ ለማየት ከወንበሩ ይልቅ ልጓሙ ይሻላል። ልጓም ያልኩት ለማሳመር አይደለም። ራስን የሚከብብ የብረት ፍርግርግ ነው፣ ፊት ለፊት ወደ አፍ የሚገባ ምላስ መጫኛ ብረት አለው፣ ከኋላ ይቆለፋል፣ መጎተቻም ይታሰርበታል። ቀድሞ ከተመዘገቡት አንዱ የስኮትላንዷ ኤድንብራ ላይ በ1567 የሆነው ነው። ቤሲ ቴልፈር የተባለች ሴት የከተማውን ሹም ቶማስ ሃንተርን በሐሰተኛ መስፈሪያ ይሰፍራል አለችው። ልጓም ለብሳ በገበያው መስቀል ሥር አንድ ሰዓት እንድትታሰር ተፈረደባት። መስፈሪያው ትክክል ይሁን አይሁን ዛሬ የሚያውቅ የለም፤ የተረፈልን የቅጣቱ ወሬ ነው።

ከዚያ 90 ዓመት ግድም በኋላ፣ ካርላይል በተባለችው የሰሜን እንግሊዝ ከተማ ዶረቲ ዋው የምትባል የኩዌከር ሃይማኖት ተከታይ ገበያ መካከል ቆማ ማታለልንና ኃጢአትን ነቀፈች። ዶረቲ የቤት ሠራተኛ ነበረች። የከንቲባው ሎሌ ከመስቀሉ ሥር ጎትቶ ወህኒ አስገባት፤ ከንቲባው ከየት መጣሽ ሲላት መልሷ አልጣመውምና ልጓሙ እንዲጫንባት አዘዘ። በ1656 የታተመው የራሷ ቃል ዝርዝሩን ይዟል። የጫኑባት ሰዎች ብረቱ አንድ ‹ስቶን› ይመዝናል ብለዋል፣ ከ6 ኪሎ ይበልጣል ማለት ነው። ሦስት ሰዓት ቆየባት። የወህኒው በር ጠባቂም እሷን ሊያይ ከሚገባ ሰው ሁሉ ሁለት ሳንቲም ይቀበል ነበር። ለብዙ መቶ ዓመታት ከወጣው ሐተታ ሁሉ ይህች ሁለት ሳንቲም የነገሩን ባሕርይ ታሳያለች። ሰላም ረበሸች ተብላ የታሰረች ሴት ለሰፈሩ ትርኢት ሆነች፤ ጸጥታው የት አለ?

በዚያው ሰሞን፣ በ1655፣ ራልፍ ጋርድነር የተባለ ቢራ ጠማቂ የኒውካስል ከተማ ሹማምንትን የሚከስ መጽሐፍ ለንደን ላይ አሳተመ። ሹማምንቱ የታይን ወንዝን የድንጋይ ከሰል ንግድ በብቸኝነት ይዘው ነጋዴውን ያስጨንቁ ነበር፤ ጋርድነርም ግፋቸውን ሲዘረዝር አን ቢድልስቶን የተባለች ሴት በልጓም ታስራ በመንገድ ስትጎተት የሚያሳይ ሥዕል አስገባ። ያየ ምስክር አቅርቧል፤ ብረቱ አፏን አድምቶት ነበር ይላል። ጋርድነር ከከተማው ጋር ጠብ ስለነበረው አይታመንም፣ ዶረቲም ለሃይማኖቷ ስለምትሟገት አጋንናለች የሚል ይኖራል። ሁለቱም ወገን ያላቸው ሰዎች መሆናቸው እውነት ነው። ነገር ግን አንዱ ለንግዱ፣ ሌላዋ ለእምነቷ በሁለት የተለያዩ ከተሞች የጻፉት ስለ አንድ ዓይነት ብረት ይናገራል፤ ብረቶቹም በእንግሊዝና በስኮትላንድ ሙዚየሞች ተቀምጠዋል። ይህ ልጓም በእንግሊዝ በፓርላማ ሕግ ተፈቅዶ የማያውቅ መሆኑ ደግሞ ያስገርማል። የከተማ ሹማምንት በገዛ ፈቃዳቸው ያሠሩት፣ በየማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ የሰቀሉት መሣሪያ ነው። በ1824 እንኳ ሥራ ላይ ነበር፤ በዚያ ዓመት በእንግሊዟ ኮንግልተን ከተማ አን ረንኮርን የተባለች ሴት በቅዳሴ ሰዓት መጠጥ ቤት ይዘጋ እንደሆነ ሊቆጣጠሩ የወጡ የቤተ ክርስቲያን ሹማምንትን ሰድባ ልጓም ለብሳ በከተማው ዞራለች።

እዚህ ላይ ጠንካራው ተቃውሞ ይመጣል። የጠቀስኳቸው ሴቶች ከሹም ጋር የተጋጩ ናቸው፤ ስማቸው የተረፈውም በዚያው ምክንያት ነው። በመንደር ችሎት መዝገብ ያሉት ግን ብዙዎቹ በዶሮና በአጥር የተጣሉ ተራ ሰዎች ናቸው፤ ከሳሾቹም ጎረቤቶቻቸው፣ ከነዚያም መካከል ሴቶች። የታሪክ ጸሐፊው ማርቲን ኢንግራም በ1994 የጻፈው ይህን ነው። ከእሱ በፊት ሌላው የታሪክ ጸሐፊ ዴቪድ አንደርዳውን በ1985 ከ1560 እስከ 1640 ባለው ጊዜ በጾታ ግንኙነት ላይ ቀውስ ተነሥቶ የጨቅጫቆች ክስ ናረ ብሎ ነበር። ኢንግራም መዝገቦቹን መርምሮ ክሶቹ ያን ያህል እንዳልበዙ፣ ብዙው ቅጣትም ጥቂት ሳንቲም መቀጫ እንደነበረ፣ ጠባብ መንደር ውስጥ ነገር አመላላሽ በእውነት መከራ እንደሚሆን አሳየ። በቁጥሩ ኢንግራም ልክ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የአንደርዳውን ቀውስ ተጋንኗል። በግድግዳ ተጠጋግቶ የኖረ ሰው ሁሉ ከንጋት እስከ ማታ የሚሳደብ ጎረቤት ምን እንደሆነ ያውቃል፣ ለዚያ መፍትሔ መፈለግም ኃጢአት አይደለም።

ሆኖም ይህ ተቃውሞ ክርክሬን ከማፍረስ ይልቅ ያጠናክረዋል። የመንደር ችሎቱ መዝገብ የሚነግረን ተከሳሿ ጨቅጫቃ መባሏንና የከፈለችውን ነው። የተናገረችውን ብዙ ጊዜ አይነግረንም፣ ሊነግረን ሕጉ አያስገድደውም ነበርና። ስለዚህ ከሺህ ሴቶች መካከል የትኛዋ በዶሮ እንደተነታረከች፣ የትኛዋ ሰፋሪው ሰረቀኝ እንዳለች፣ የትኛዋ ጌታዬ ደፈረኝ ብላ እንደጮኸች መለየት ለእኛም ለዳኛውም አይቻልም። ኤድንብራና ካርላይል እንደ ልዩ ክስተት የሚታዩት የተነገረው ቃል በአጋጣሚ ስለተረፈ ነው። አንድ ወንፊት ሁሉንም የሚያሳልፍ ከሆነ ንጹሑን ከገለባው ለየ አይባልም፤ ይህ ሕግ እንደዚያ ነበር። ሹማምንቱ ሁሉ በክፋት ተጠቀሙበት ማለት አያስፈልግም፣ ለመጠቀም ለፈለገ ግን በሩ ክፍት ነበር።

ሌላው ተቃውሞ ወንዶችም በምላሳቸው ተቀጥተዋል የሚል ነው። ተቀጥተዋል፣ ያውም በጭካኔ። ቨርጂኒያ ውስጥ በ1624 ሪቻርድ ባርንስ አገረ ገዥውን በማንቋሸሹ ሁለት ክንዱ ተሰብሮ ምላሱ በወስፌ ተበስቷል። ከዚህ ጋር ሲተያይ ኩሬ ውስጥ መደፈቅ ቀላል ነው። ግን ባርንስ የተቀጣው በተናገረው ነገር ነው፤ ቃሉ ትርጉም ስላለው፣ ሥልጣን ስለነካ አስፈራ። የሴትዮዋ ቃል ትርጉም እንዳለውም አልተቆጠረም፣ ድምፅ ብቻ ተደረገ። ለወንድ ቅርብ የነበረው ክስ በየቦታው ነገር የሚያስነሣና ክስ የሚያነሣሣ ሰው የሚለው ሲሆን ይህም በጠባይ የሚከስ መሆኑን አልክድም። ይሁንና የእሱ ቅጣት መቀጫና እስራት ነው፤ ልጓምና ወንበር የለበትም።

ዳኞች ራሳቸው በነገሩ ማፈር የጀመሩት በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ1704 ፎክስቢ የተባለች ሴት እንድትደፈቅ ተፈርዶባት ይግባኟ ወደ ንጉሣዊው ችሎት ሲቀርብ ዋና ዳኛው ጆን ሆልት፣ ድፈቃ የሴትዮዋን ጠባይ ያባብስ ይሆናል እንጂ አያርማትም በሚል ስሜት እንደቀለዱ የሕግ ዘገባዎች ይተርካሉ። ቀልዱ ግን ሕጉን አልሻረውም። ሌምስተር በተባለች ከተማ ጄኒ ፓይፕስ በ1809 ተደፍቃለች፤ በ1817 ሌላ ሴት ወንበሩ ላይ ታስራ ብትወሰድም ወንዙ ጎድሎ ተገኘና በከተማው አዙረው መለሷት። ወንበሩ ዛሬም እዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይታያል።

ብላክስቶን አራተኛ ቅጹን ባሳተመበት በ1769 አሜሪካ ውስጥ አን ሮያል ተወለደች። 60 ዓመት ሲሞላት፣ በ1829፣ ዋሽንግተን ውስጥ በዚሁ ወንጀል ተከሰሰች። ሮያል ደራሲና ጋዜጠኛ ናት፤ ወግ አጥባቂ ሰባኪያን መንግሥትን ሊቆጣጠሩ ይሻሉ ብላ በየመጽሐፏ ስትነቅፋቸው ኖራለች፣ በቤቷ አጠገብ ከሚሰበሰቡ ምእመናን ጋርም በአፍ ተጣልታለች። የጦር ሚኒስትሩ ጆን ኢተን ሳይቀሩ መጥተው መሰከሩላት። ዳኛው ዊልያም ክራንች ድፈቃው ያረጀ ቅጣት ነው፣ ወንጀሉ ግን አለ ብሎ 10 ዶላር ቀጣት፤ ገንዘቡን ጋዜጠኞች ከፈሉላት። የእሷ ጉዳይ ከሌሎቹ የሚለየው የተናገረችው ሁሉ ታትሞ በእጅ መኖሩ ነው። ማንም አንብቦ ይህ ሐሰት ነው፣ ይህ እውነት ነው ሊላት ይችል ነበር። ከሳሾቿ የመረጡት ግን የተጻፈውን መመለስ ሳይሆን ጨቅጫቃ ናት ማለትን ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የራሷን ጋዜጣ አቋቋመች፤ ከዚያም በ1836 ሌላ ጀምራ በ1854 እስክትሞት ድረስ ሹመኛና ኮንትራክተር ስታሳድድ ኖረች።

እንግሊዝ ወንጀሉን የሰረዘችው በ1967 በወጣ የወንጀል ሕግ ነው፤ ያኔ ለረጅም ዘመን ማንም ያልተከሰሰበት የወረቀት ቅሪት ነበር። አሜሪካ ውስጥ ግን በኒው ጀርዚ አንዲት ሴት በ1972 ተከሰሰችበት። ፍርድ ቤቱ ክሱን ውድቅ ሲያደርግ ያቀረበው ምክንያት ቀላል ነው። የሚረብሽ ጩኸትና ስድብ ከሆነ ጉዳዩ፣ ለወንድም ለሴትም እኩል የሚሠራ የጸጥታ ማደፍረስ ሕግ አስቀድሞ ወጥቷል። ያ ሲነሣ ከአሮጌው ወንጀል የሚተርፈው ተከሳሿ ሴት መሆን አለባት የሚለው ነው፤ ይህን ደግሞ ሕገ መንግሥቱ አይቀበልም።